አክታ፣ ራጅ እና መዝገብ፦ የሳንባ ነቀርሳ ጥናት በአርሲ ደጋ

የአርሲ ሳንባ በዓለም የታወቀው በሩጫ ነው። የአሰላው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ የበቆጂዎቹ ደራርቱ ቱሉና ቀነኒሳ በቀለ ስማቸው ከተጠራ በኋላ የውጭ ተመራማሪዎች «ይህ አገር ምን አለው?» ብለው መጡ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ አንድ ጥናት ከኢትዮጵያ ምርጥ የረጅም ርቀት ሯጮች መካከል የአርሲ ልጆች ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ የበዙ መሆናቸውን በቁጥር አሳየ። በዓመቱ ደግሞ ምክንያቱ በዘር ይገኝ እንደሆነ ብለው የሯጮቹን የዘር ቅንጣት መረመሩ። ስለዚህኛው ሳንባ ብዙ ተጽፏል፤ ገና ብዙ ይጻፋል።

የመጽሔታችን አዘጋጆች «ከሙያችን ታሪክ አንድ ነገር ጻፍ» ሲሉኝ ግን ያሰብኩት ሌላውን የአርሲ ሳንባ ነው፤ የሚያስለውን። ኦሮምኛ ተናጋሪው «ዱኩበ ሶምባ»፣ አማርኛ ተናጋሪው «የሳንባ በሽታ» ወይም «ነቀርሳ» የሚለውን፣ እኛ ደግሞ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ «ቲቢ» ስንል የኖርነውን ማለቴ ነው። ከጭላሎ ተራራ በስተምሥራቅ፣ በስንዴና በገብስ ማሳዋ ከምትታወቀው ከዲክሲስ የተነሣ አንድ ሳል የያዘው ገበሬ ምን ምን ተለክቶለት «ታመሃል» ወይም «ድነሃል» እንደተባለ ብንከተል፣ የአገራችንን የሕክምና ምርምር ታሪክ ግማሹን እናገኘዋለን። ልለው የፈለግሁት በአጭሩ ይኸው ነው፦ በአርሲ ዕውቀት ያስገኘው ማሽን መግባቱ ብቻ አይደለም። የአክታው ውጤትና የራጁ ፊልም ከሕመምተኛው ስም አጠገብ ተጽፎ እስከ መጨረሻው መከተል ሲጀመር ነው ነገሩ ምርምር የሆነው።

ሁለት መሣሪያዎች፣ ሁለት ዓይኖች

ሮበርት ኮኽ የቲቢን ባክቴሪያ በርሊን ላይ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው፤ በየዓመቱ መጋቢት 15 የምናከብረው የዓለም የቲቢ ቀን የዚያ መታሰቢያ ነው። ሮንትገን ራጅን ያገኘው ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1895 ነው። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ሳንባን የሚያይባቸው ሁለት ዓይኖች ኖሩት፤ አንዱ በላብራቶሪ፣ አንዱ በጨለማ ክፍል።

ላብራቶሪ ዱቲ የወጣ ሁሉ የአክታውን ሥራ አይረሳውም። አክታው በስላይድ ላይ በስሱ ይቀባል፤ ይደርቃል፤ በነበልባል ላይ ያልፋል። ቀዩ ካርቦል ፉክሲን ይፈስበትና እስኪተን ድረስ ከሥር ይሞቃል። በአሲድ አልኮል ይታጠባል፤ በመጨረሻ ሜቲሊን ብሉ ይደረግበታል። ሌላው ሁሉ ሰማያዊ ሲሆን የቲቢው ቀጭን ዘንግ ቀይ እንደሆነ ይቀራል፤ በሰም የተሞላ ቆዳው ቀዩን ቀለም አለቅም ብሎ ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ያየኸው ነገር ደግሞ ራሱ በሽታው ነው። ጉድለቱስ? በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 የሚደርስ ባክቴሪያ ከሌለ በማይክሮስኮፕ ለማየት ያስቸግራል። ከዚያ በታች ያለው ሕመምተኛ «ኔጌቲቭ» ተብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሳሉም አብሮት።

ራጅ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ብዙ ያያል፤ የሚያየው ግን ጥላ ነው። ያ ጥላ ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ የቆየ ጠባሳም፣ ኒሞኒያም፣ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ከዚህ ሌላ የአንባቢው ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1947 አሜሪካኖች የትኛው የፊልም መጠን ለቲቢ ፍለጋ እንደሚሻል ለማወቅ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎችን በየዓይነቱ ፊልም አንሥተው ለአምስት አንባቢዎች ሰጡ። የተገኘው መልስ ያልተጠየቀው ሆነ። በፊልሞቹ መካከል ካለው ልዩነት ይልቅ በአንባቢዎቹ መካከል ያለው ልዩነት በለጠ። አንዱ አንባቢ ራሱ ያንኑ ፊልም ሁለተኛ ሲሰጡት ከራሱ ጋር አልስማማ አለ። ሲኒየር ሐኪሞቻችን ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግተው ሲከራከሩ ያየ ሰው ይህ አይገርመውም።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1948፣ እንግሊዞች ከዚህ ትምህርት የወሰደ የሚመስል ሥራ አሳተሙ፤ የስትሬፕቶማይሲንን ሙከራ ማለቴ ነው። 107 ሕመምተኞች በዕጣ ተለዩ፤ 55ቱ መድኃኒቱንና የአልጋ ዕረፍት፣ 52ቱ የአልጋ ዕረፍት ብቻ አገኙ። በስድስት ወር ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 4፣ ከሁለተኞቹ 14 ሞቱ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው የራጁ አነባበብ ነው። ፊልሞቹን ያነበቡት ባለሙያዎች የትኛው ሕመምተኛ መድኃኒት እንደወሰደ፣ የትኛው እንዳልወሰደ አያውቁም ነበር። የአክታው ምርመራም በየጊዜው እየተደገመ ተመዘገበ። ከዚያው መዝገብ መጥፎው ዜናም ወጣ፤ ስትሬፕቶማይሲን ብቻውን ሲሰጥ በብዙዎቹ ሕመምተኞች ባክቴሪያው በሳምንታት ውስጥ መድኃኒቱን ተላመደ። ፊልሙ «ተሽሎታል» ሲል አክታው «ቆይ» አለ። ቲቢን በአንድ መድኃኒት ማከም ነውር የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሳናቶሪየም እስከ ጤና ጣቢያ

በእኛ አገር የተደራጀ የቲቢ ሥራ በ1950ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) ሲጀመር በከተማ ላይ ያተኮረ ነበር፤ አዲስ አበባ፣ አስመራ፣ ሐረር። የአዲስ አበባው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ዛሬም ድረስ ስሙ ከሳንባ ነቀርሳ ጋር ተያይዞ ይጠራል። የዘመኑ አስተሳሰብ ሕመምተኛውን ለይቶ ማስተኛት፣ ንጹሕ አየርና ምግብ መስጠት፣ በራጅ መከታተል ነበር። በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር የብሔራዊ ቲቢ ቁጥጥር ማዕከላዊ ጽሕፈት ቤት የተቋቋመው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 ነው።

የገጠሩስ ሰው? ሕክምናው 12 ወር ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት የስትሬፕቶማይሲን መርፌ በየቀኑ፣ ከዚያ አሥር ወር የአይሶናያዚድና የታያሴታዞን እንክብል። ራጅ በሆስፒታል ብቻ ነው ያለው፤ ከደጋው ወረዳ የተነሣ ሰው እስከ አሰላ ወይም አዳማ መሄድ አለበት። እስቲ አብረን እናስላው። ሕመምተኛው በሦስተኛው ወር ሳሉ ይጠፋል፣ ምግብ ይጥመዋል፣ ጉልበቱ ይመለሳል። ወቅቱም የአጨዳ ይሆናል። ስንዴው ደርሶ እየረገፈ «ዘጠኝ ወር ይቀረሃል፣ መድኃኒትህን ለመውሰድ ና» ቢባል ማን ይመጣል? ያቋረጠውን ሰው «አላዋቂ» ማለት ቀላል ነበር፤ ብለንማል። ያላዋቀው ግን እሱ ብቻ አልነበረም። ስንቱ እንዳቋረጠ፣ ስንቱ እንደሞተ፣ ስንቱ እንደዳነ በትክክል የሚናገር መዝገብ እኛም አልነበረንም።

ከሳናቶሪየም ሐሳብ ያላቀቀን ጥናት የመጣው ከሕንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 በማድራስ የተጀመረው ሙከራ ድሆች ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹን በሳናቶሪየም፣ ግማሾቹን በተጨናነቀ ቤታቸው አከመ። በአክታም በራጅም ሲለካ ውጤቱ ተቀራራቢ ሆነ፤ ቤት የታከሙት ሰዎች ቤተሰቦችም የበለጠ አልተያዙም። በ1970ዎቹ ደግሞ በጎረቤቶቻችን በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ የተደረጉ ሙከራዎች ሪፋምፒሲን ሲጨመር የአንድ ዓመቱና ከዚያም በላይ የሆነው ሕክምና ወደ ስድስትና ስምንት ወር ሊያጥር እንደሚችል አረጋገጡ። ቀጥሎ ካሬል ስቲብሎ የተባለው የቼክ ተወላጅ ሐኪም በታንዛኒያ ይህን ሁሉ በአንድ አገር አቀፍ አሠራር አቀናጀው፦ በማይክሮስኮፕ የሚደረግ ምርመራ፣ አጭር ሕክምና፣ መድኃኒቱን ሲውጥ ማየት፣ ሁሉንም በመዝገብ መያዝ።

እ.ኤ.አ. 1992፣ አርሲና ባሌ

ደርግ ከወደቀ ዓመት ያህል በኋላ፣ አገሪቱ ገና በሽግግር ላይ ሳለች፣ ይኸው አሠራር በኢትዮጵያ በሙከራ ደረጃ ተጀመረ። የተጀመረበት ቦታ አዲስ አበባ አይደለም፤ አርሲና ባሌ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቲቢን ዓለም አቀፍ አጣዳፊ ችግር ብሎ ያወጀው በማግሥቱ ዓመት፣ በ1993 ነው፤ «ዶትስ» የሚለው ስም የገነነውም ከዚያ በኋላ ነው። አርሲ ስሙ ሳይወጣለት ሥራውን ጀምራለች ማለት ነው። የቲቢና የሥጋ ደዌ ፕሮግራሞች በአንድ ላይ የተቀናጁት ደግሞ በ1994 ነው።

አርሲ ለሙከራ ባዕድ አልነበረችም። በስዊድን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1967 በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) የገበሬውን ማሳ ሲለካ፣ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ ሲሞክር፣ ምርቱን በኩንታል ሲመዘግብ የኖረ ነው። የአርሲ ገበሬ «ፓይለት» የሚለውን ቃል ባያውቅም ነገሩን ያውቀዋል፤ መጀመሪያ እዚህ ይሞከራል፣ ከሠራ ወደ ሌላው አገር ይሄዳል። አሁን የሚለካው ግን ስንዴው አልነበረም፤ አክታው እንጂ።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ከሁለት ሳምንት በላይ ያሳለ ሰው ሦስት ጊዜ አክታ ይሰጣል፤ በመጣበት ቀን አንድ፣ በማግሥቱ ከእንቅልፉ ሲነሣ በቤቱ አንድ፣ ያንን ይዞ ሲመጣ አንድ። ቀይ ዘንግ ከታየ መጠኑ በመደመር ምልክት ይጻፋል፤ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት መደመር። ሕመምተኛው በትልቁ የቲቢ መዝገብ ላይ ስሙ፣ ዕድሜው፣ ቀበሌው፣ ክብደቱ፣ የአክታው ውጤት ይሰፍራል። ለሁለት ወር በየቀኑ ጤና ተቋሙ እየመጣ ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድና ፒራዚናማይድ ከስትሬፕቶማይሲን ወይም ከኢታምቡቶል ጋር ባለሙያው እያየው ይውጣል። ሽንቱ ብርቱካንማ ሲሆን የሚደነግጠውን ማረጋጋት የባለሙያው ሥራ ነው። ቀጥሎ ለስድስት ወር ኢታምቡቶልና አይሶናያዚድ ይወስዳል። አክታው በሁለተኛው ወር፣ በአምስተኛው ወርና በሕክምናው መጨረሻ እንደገና ይታያል።

በመጨረሻም ከስድስት ቃላት አንዱ ከስሙ ፊት ይጻፋል፦ ዳነ፣ ጨረሰ፣ ሞተ፣ አልተሳካለትም፣ አቋረጠ፣ ተዛወረ። «ዳነ» ለመባል ደህና መምሰል አይበቃም፤ በመጨረሻው ወርና ከዚያ በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ አክታው ንጹሕ መሆን አለበት። አክታ ያልሰጠው፣ ቢወፍርም፣ «ጨረሰ» ብቻ ነው የሚባለው። ይህ ልዩነት ተማሪ ሳለን ፈተና ላይ የሚጠየቅ ደረቅ ነገር ይመስለን ነበር። አሁን ሳየው የሐኪምን የግል ስሜትና የተለካን ነገር የለየው መስመር እሱ ነው። በየሩብ ዓመቱ የተመዘገቡት ሁሉ እንደ አንድ ቡድን ተይዘው ዓመት ያህል ቆይቶ ውጤታቸው ይቆጠራል፤ ኮሆርት የምንለው ነው። የጠፋ ሰው ከቁጥሩ አይወጣም፤ «አቋረጠ» ተብሎ እዚያው ይቆጠራል። ከዚህ በፊት የጠፋ ሰው ጠፍቶ ይቀር ነበር፤ አሁን መጥፋቱ ራሱ መረጃ ሆነ።

ሸክሙ ግን የማን እንደነበር መርሳት አይገባም። ስልሳ ቀን ያህል በየቀኑ፣ በክረምት ጭቃ፣ በሐምሌ ብርድ፣ ከደጋው መንደር እስከ ጤና ተቋሙ የተመላለሰው ሕመምተኛው ነው። ውጤቱን ያስገኘው የእሱ እግር ነው።

መዝገቡ ምን ነገረን?

እ.ኤ.አ. በ2014 ሻሎ ዳባ ሐሙሴ፣ መዓዛ ደምሴና የኖርዌዩ በርንት ሊንድትዮርን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በአርሲ ዞን ላይ ሁለት ጥናቶች አወጡ። ከ1997 እስከ 2011 ድረስ ያሉትን የ15 ዓመት መዝገቦች ተንትነው ነው። አንደኛው በዞኑ 25 ወረዳዎች ስንት ሕመምተኛ እንደተመዘገበ፣ ሁለተኛው አክታቸው ላይ ቲቢ የታየባቸው ሕመምተኞች ሕክምና በምን እንዳበቃ የሚያይ ነው። የታየው ነገር አስደሳች ነው። አገልግሎቱ ወደ ገጠር ጤና ተቋማት በተስፋፋ ቁጥር የሚመዘገበው ሰው በዛ፤ የሚያቋርጠው ቀነሰ፤ በተሳካ ሁኔታ የታከመው ጨመረ። ለዚህ ጥናት አዲስ ማሽን አልተገዛም። በየወረዳው ያለ ነርስ፣ ጤና ረዳትና የላብራቶሪ ባለሙያ በጠቆረ እስክሪብቶ የጻፈው ነው ተደምሮ ሳይንስ የሆነው። «ይህ ሪፖርት ማን ያነበዋል?» እያልን በሩብ ዓመቱ መጨረሻ ሌሊት የደመርነው ቁጥር ማለት ነው።

መዝገብ ግን የመጣውን እንጂ ያልመጣውን አይነግርም። ስለዚህ በዚያው በአርሲ፣ በሂጦሳ ወረዳ፣ እነዚሁ ተመራማሪዎች ቤት ለቤት ወጡ። ሳል ያለበትን ጠየቁ፣ አክታ ሰበሰቡ፣ በማይክሮስኮፕ አዩ፤ ሥራቸው በ2017 ታተመ። በዚያው ወረዳ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ መኖር አለመኖሩን የመረመሩበት ጥናት ደግሞ በ2016 ወጣ። በማኅበረሰቡ መካከል ተይዞ ያልታወቀ ሰው እንዳለ ማየት ለጤና ጣቢያ ሰው ጥሩ ትምህርት ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን፤ ሁሉም ግን ደብቆ አይደለም፤ ያልተጠየቀም አለ።

ኤችአይቪ ሥዕሉን ሲለውጠው

ሁለቱም ዓይኖች የተቸገሩበት ዘመን በ1990ዎቹ መጣ። በኤችአይቪ የተያዘ ሰው ቲቢ ሲይዘው ነገሩ ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር አልገጥም አለ። አዲስ አበባ ላይ የጥቁር አንበሳዎቹ ጌታቸው አደራዬና ጌታቸው አሰፋ ከስዊድናዊቷ ዩዲት ብሩክፌልድና ከሌሎች ጋር ያደረጉትና በ2004 የታተመ ጥናት ይህን በደንብ አሳይቷል። የሕመምተኞቹን የደረት ራጅ፣ በአክታቸው ውስጥ ያለውን የባክቴሪያ ብዛትና የኤችአይቪ ሁኔታቸውን ጎን ለጎን አስቀመጡ። ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች ሳንባ ላይ የታወቀው ጉድጓድ ብዙ ጊዜ የለም፤ አክታቸውም ውስጥ ባክቴሪያው ያንሳል። ምክንያቱ ሲገለጽ ቀላል ነው። ሳንባን የሚቦረቡረው በአብዛኛው የሰውነት የራሱ ውጊያ ነው፤ ወታደሩ ሲዳከም ጉድጓዱም ይቀራል፣ ከጉድጓዱ ወደ አክታ የሚፈሰው ባክቴሪያም ይቀንሳል። ስለዚህ የበለጠ የታመመው ሰው በአክታም በራጅም ያነሰ የታመመ መስሎ ታየ።

የድሮው መድኃኒት ታያሴታዞንም በዚሁ ዘመን ነው ጉዱ የወጣው። ከናይሮቢ በ1991 የታተመ ጥናት ኤችአይቪ ባለባቸው ሕመምተኞች ላይ ለሞት የሚያደርስ የቆዳ ጉዳት እንደሚያመጣ አረጋገጠ። ያም ቢሆን የተገኘው ሕመምተኞችን በስም ይዞ በመከታተል ነው።

ሌላም የአገራችን ልዩ ነገር አለ። ከሚመዘገበው የቲቢ ሕመምተኛ ሲሶ ያህሉ በሽታው ከሳንባ ውጭ ነው፤ በተለይ በአንገት ዕጢ። ለዚህ ሰው አክታም ራጅም አይመልስም፤ ዕጢው በቀጭን መርፌ ተቀድቶ በማይክሮስኮፕ ሊታይ ይገባል፤ ያም ፓቶሎጂስት ባለበት ነው። ዲክሲስና ዲክሲስን የመሰሉ ወረዳዎች ሰው ለዚህ ሲል ስንት ጊዜ አሰላ እንደተመላለሰ አስቡት።

ራጅ ተመልሶ መጣ

እስከ 2000ዎቹ መጨረሻ ድረስ አክታ ንጉሥ ነበር፤ ራጅ ወደ ጎን ተደርጓል። የመለሰው በ2010 እና 2011 የተካሄደው የመጀመሪያው ብሔራዊ የቲቢ ስርጭት ጥናት ነው። ተንቀሳቃሽ የራጅ መሣሪያ ይዘው 85 የአገሪቱ ቦታዎች ላይ ሰፈሩ፤ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 46,697 ሰዎች ተሳተፉ። እያንዳንዱ ሰው ስለ ሳሉ ተጠየቀ፣ ራጅ ተነሣ፤ በሁለቱ በአንዱ የተጠረጠረ አክታ ሰጠ፤ አክታውም በማይክሮስኮፕ ብቻ ሳይሆን በካልቸር ጭምር ታየ።

ውጤቱ ሁለት ፊት ነበረው። በአንድ በኩል፣ ቲቢ በኢትዮጵያ ከዚያ በፊት ይገመት ከነበረው ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ዓለም አቀፉ ግምትም ወደ ታች ታረመ። በሌላ በኩል ግን፣ ከ100,000 አዋቂዎች ውስጥ በማይክሮስኮፕ ብቻ ሊታይ የሚችል ቲቢ ያለባቸው 108 ሲሆኑ፣ ካልቸር ሲጨመር ቁጥሩ 277 ደረሰ። አስሉት። ማይክሮስኮፓችን ከአሥሩ አራቱን ብቻ ነው ያየው። ብዙዎቹ «ሁለት ሳምንት ያሳለ» የሚለውን ጥያቄ እንኳ የሚያልፉ አልነበሩም፤ ራጁ ባይኖር አይጠረጠሩም ነበር።

ይህን ያነበበ ጤና ጣቢያ የሠራ ሰው «ኔጌቲቭ» ብሎ የሸኛቸውን ሳያስታውስ አይቀርም። ያ ግን የባለሙያው ስንፍና አልነበረም፤ የመሣሪያው ወሰን ነው። ወሰኑን በቁጥር ያወቅነው ሁለቱን ዓይኖች በአንድ ሰው ላይ አንድ ላይ ስላሳረፍናቸው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ጂንኤክስፐርትን በታኅሣሥ 2010 (እ.ኤ.አ.) ማጽደቁ ከዚህ ጋር ተገጣጠመ። መሣሪያው በሁለት ሰዓት ያህል የባክቴሪያውን የዘር ቅንጣት ፈልጎ ያገኛል፤ ሪፋምፒሲንን መላመዱንም ይናገራል፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 130 ያህል ባክቴሪያ ከኖረ ይበቃዋል። ከ5,000 ጋር አወዳድሩት። መሣሪያው በሌለበት አክታው ራሱ ይጓዛል፤ በአገራችን የፖስታ አገልግሎቱ ሳይቀር ናሙና ተሸክሟል። ድሮ ሕመምተኛው ወደ ማሽኑ ይሄድ ነበር፤ አሁን ቢያንስ አክታው ይቀድመዋል። አሰላም ተለውጣለች። ሆስፒታሉ ዛሬ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያና ሪፈራል ሆስፒታል ነው፤ ከጀርመኑ የዱሰልዶርፍ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሠራ የሂርሽ የትሮፒካል ሕክምና ተቋምም በዚያው ከተማ አለ። የደጋው ልጅ በዚያ ተምሮ፣ በዚያ ተመራምሮ፣ የራሱን አገር ሳል የሚያጠናበት ዘመን ላይ ደርሰናል።

የቀረው ዕዳ

ዕቃ ቤት ጥግ የተከመረ የቆየ መዝገብ፣ ጣሪያ ያፈሰሰበት፣ አይጥ የቆረጠመው፣ «ዶሴ ማስወገድ» ሲባል ወጥቶ የሚቃጠል፦ ይህን ያላየ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። የራጅ ፊልምም እንዲሁ ነው። አሁን ሥራው ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው፤ መልካም ነው። የሚያሳስበኝ ግን አዲሱ ሲገባ አሮጌው የማንም አለመሆኑ ነው። የ15 ዓመቱ የአርሲ ጥናት የተቻለው መዝገቦቹ ስለተገኙ ነው። ከ1997 በፊት ያሉትስ? የሙከራው የመጀመሪያ ዓመታት፣ የመጀመሪያዎቹ ሕመምተኞች፣ የመጀመሪያዎቹ «አቋረጠ» እና «ዳነ» የሰፈሩባቸው ገጾች ያሉበትን ጤና ተቋም የሚያውቅ ካለ፣ ዛሬ ነው መናገር ያለበት። ሳይቃጠል በቅጠል።

ሁለተኛው ነገር ለሰጪው መመለስ ነው። ምርምሩ የታተመው በእንግሊዝኛ ነው፤ አክታውን የሰጠው ሰው ደግሞ ኦሮምኛና አማርኛ ነው የሚሰማው። ሕመምተኛው ደም፣ አክታ፣ ፊልም ሲሰጥ «ለእኔ ባይሆን ለልጄ» ብሎ ነው። ውጤቱን በወረዳው ስብሰባ ላይ በሚገባው ቋንቋ መንገር ያን ያህል ከባድ አይደለም። ስም አይጠራም፤ ምሥጢርም አይወጣም። «ከዚህ ወረዳ ይህን ያህል ሰው ታከመ፣ ይህን ያህሉ ዳነ፣ ይህን ያህሉን አጣን፤ ያጣነውም በዚህ ምክንያት ነው» ማለት ይበቃል።

ሦስተኛው ለእኛ ለራሳችን ነው። በዚህ ዳግም መገናኘታችን ላይ ስንቶቻችን ፕሮፌሰር፣ ስንቶቻችን ዳይሬክተር እንደሆንን እንቆጥራለን፤ ደግም ነው። በገጠር ጤና ጣቢያ የቀሩት የላብራቶሪ ባልደረቦቻችን ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንድ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሰው፣ በእያንዳንዱ ስላይድ ላይ መቶ መስክ ቆጥረው፣ ያዩትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ጽፈዋል። በአንድም ጥናት ላይ ስማቸው የለም። ከአርሲ የወጣው ዕውቀት ሁሉ የቆመው ግን በእነሱ ሐቀኝነት ላይ ነው። ያልታየውን «ታየ» ብለው ቢጽፉ ኖሮ የትኛውም ዩኒቨርሲቲ፣ የትኛውም ኮምፒውተር አያርመውም ነበር። በመጽሔታችን ገጽ ላይ የሥራ ታሪካችሁን ስትልኩ «ጤና ጣቢያ፣ ላብራቶሪ፣ ብዙ ዓመት» ብላችሁ በአጭሩ የምታልፉ ካላችሁ፣ እባካችሁ አታሳጥሩት።